“አንዴ አስተካክዬዋለሁ፣ አበቃ!”፦ እውነት ወይስ ተረት?

ፒዲኤፍ ሲያነብ የሚውል ሰው፣ ተመራቂ ተማሪም ይሁን ጠበቃ ወይም አርታኢ፣ ከማንበቢያ ሶፍትዌሩ ጋር የማይስማማበት አንድ ነገር አያጣም። የማቅለሚያው ቢጫ ዓይን ይወጋል። የማስታወሻው ሳጥን ሊነበብ የተፈለገውን ዓረፍተ ነገር ይሸፍናል። በአንድ ቁልፍ ማለቅ የነበረበት ሥራ ሦስት ጊዜ ጠቅ ማድረግ ይጠይቃል። የሶፍትዌሩ ኮድ የተዘጋ ከሆነ ያለው አማራጭ መልመድ ወይም ማማረር ነው። እንደ ኦኩላር፣ ኤቪንስ ወይም ዙርናል ፕላስ ፕላስ ያለ ኦፕን ሶርስ ከሆነ ግን ሌላ መንገድ አለ፤ ምንጭ ኮዱን አውርዶ፣ የሚያናድደውን መስመር ፈልጎ መቀየርና እንደገና ኮምፓይል ማድረግ። በዋናው ኮድና በተቀየረው መካከል ያለው ልዩነት ተለይቶ በፋይል ሲቀመጥ ፓች ይባላል።

መቀየሩ አንድ ምሽት ቢፈጅ ነው። ፓቹን ይዞ መቆየት ግን የዓመታት ጉዳይ ስለሆነ ብዙ ይወራበታል። ከሚባሉት ውስጥ ዘጠኙን ከታች አንድ በአንድ እንያቸው። ከፊሉ ተረት፣ ከፊሉ ግማሽ እውነት፣ አንዱ ደግሞ ሙሉ እውነት ነው። በሁሉም ውስጥ ግን አንድ ነገር ይመላለሳል፦ ከኮዱ መስመሮች ይልቅ ቶሎ የሚጠፋው ኮዱን ያስቀየረው ምክንያት ነው። ምክንያቱ ያልተጻፈ ፓች ቢሠራም ቢበላሽም ምን እንደሚደረግበት የሚያውቅ አይኖርም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. “ኦፕን ሶርስ ስለሆነ የቀየርኩትን ይፋ የማውጣት ግዴታ አለብኝ።”

ተረት። ኦኩላር፣ ኤቪንስና ዙርናል ፕላስ ፕላስ የሚሠራጩት ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ ነው። ጂፒኤል ማንኛውም ሰው ኮዱን ለራሱ ቀይሮ፣ ለማንም ሳያሳውቅ፣ በራሱ ኮምፒውተር ላይ እንዲጠቀምበት ይፈቅዳል። ፈቃዱን የሚያወጣው ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን፣ አንድ ድርጅት የተሻሻለውን ቅጂ ለራሱ ሥራ በራሱ ውስጥ ቢያባዛው እንኳ እንደ ማሠራጨት አይቆጥረውም።

ግዴታው የሚጀምረው ቅጂው ወደ ሌላ ሰው ሲሻገር ነው። ያሻሻሉትን ፕሮግራም በፍላሽ ገልብጠው ለጓደኛዎ ሰጡት እንበል። ያኔ ጓደኛዎ ከፕሮግራሙ ጋር ምንጭ ኮዱንም፣ እርሱንም የመቀየርና የማካፈል መብቱንም ማግኘት አለበት። ኮዱን ለዓለም ሁሉ መለጠፍ ግን ማንም አይጠይቅዎትም።

ፈቃዶች አንድ ዓይነት አለመሆናቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሙፒዲኤፍ ከንግድ ፈቃዱ ጎን በኤጂፒኤል ይሠራጫል። ኤጂፒኤል አንድ ነገር ይጨምራል፤ የቀየሩትን ሰርቨር ላይ ጭነው ሌሎች በኔትወርክ እንዲገለገሉበት ካደረጉ፣ ፕሮግራሙን ባይሰጧቸውም ኮዱን የማግኘት ዕድል ሊኖራቸው ይገባል። ፋየርፎክስ ውስጥ ፒዲኤፍ የሚከፍተው የሞዚላ ፒዲኤፍ ጄኤስ ደግሞ በአፓቺ ፈቃድ ስለሆነ፣ የተሻሻለውን ቢያከፋፍሉት እንኳ ምንጭ ኮዱን ስጡ አይልም። ፓች ከመጀመር በፊት የፈቃዱን ፋይል ከፍቶ ማንበብ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

2. “አንዴ ከሠራ ሁልጊዜ ይሠራል።”

ተረት። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ፓች ቦታውን እንዴት እንደሚያገኝ ማወቅ ይበቃል። ላሪ ዎል በ1985 ፓች የተባለውን ፕሮግራም ሲሠራ ያቃለለው ችግር ይኸው ነበር፤ የአንድ ሰው ለውጥ፣ ትንሽ ተለውጦ በቆየ የሌላ ሰው ኮድ ላይ እንዴት ይቀመጥ? ዛሬ በተለመደው አሠራር ፓቹ የሚቀየረውን መስመር ብቻ ሳይሆን ከላይና ከታች ያሉትን ሦስት ሦስት መስመሮችም ይዞ ይጓዛል። የመስመር ቁጥሩ ቢዛነፍ እንኳ ጎረቤቶቹን እየፈለገ ቦታውን ያገኛል። ነገሩ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት እንደመጠቆም ነው፤ “ከፋርማሲው ዝቅ ብሎ፣ ከሰማያዊው በር አጠገብ”። ፋርማሲው ሲዘጋ ወይም በሩ ቀለም ሲቀየር ቤቱ ባለበት ቢኖርም ጥቆማው አይሠራም።

የፒዲኤፍ ማንበቢያዎች ሰፈር ደግሞ ሲፈርስና ሲገነባ የኖረ ነው። የመጀመሪያው ዙርናል የተሠራው ጂቲኬ 2 በተባለው የስክሪን መሥሪያ ላይብረሪ እና ጊዜው ባለፈበት የኖም ካንቫስ ላይብረሪ ላይ ነበር። ዙርናል ፕላስ ፕላስ ያንኑ ሐሳብ በሲ ፕላስ ፕላስ እንደ አዲስ ጻፈው፤ ዛሬ በጂቲኬ 3 ይሠራል። ለመጀመሪያው የተጻፈ ፓች ለሁለተኛው አንድ መስመር እንኳ አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው ፓቹ ምን ሊያደርግ እንደነበረ የሚገልጸው ማብራሪያ ብቻ ነው። ኤቪንስም ለብዙ ዓመታት የኖም ዴስክቶፕ ማንበቢያ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ በ2025 በወጣው ኖም 49 ቦታውን ከእርሱ ለተገነጠለውና ወደ ጂቲኬ 4 ለተሸጋገረው ፔፐርስ ለቋል። በኤቪንስ ላይ የግል ፓች የነበረው ሰው ሁሉ በዚያ ጊዜ ምርጫ ገጥሞታል።

3. “ፓቹ ሳይጋጭ ከገባ፣ ትክክል ነው ማለት ነው።”

ተረት፣ ያውም ከሁሉም አሳሳቹ። የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው ጊትም ሆነ የፓች ፕሮግራሙ የሚያነጻጽሩት ጽሑፍን ነው፤ የኮዱን ትርጉም አያውቁም። “ግጭት የለም” ማለት ሁለት ሰዎች አንድ መስመር አልነኩም ማለት ብቻ ነው።

የፒዲኤፍ ማስታወሻ ይህ ችግር ጎልቶ የሚታይበት መስክ ነው፤ መነሻው የገጹ ልኬት ነው። ፒዲኤፍ ገጽን የሚለካው በነጥብ ሲሆን አንድ ነጥብ የኢንች 1/72 ነው። በመደበኛው አሠራር መነሻው የገጹ ግራ ታች ጥግ ሆኖ ቁጥሩ ወደ ላይ ይጨምራል። አብዛኞቹ የስክሪን መሥሪያ ላይብረሪዎች ግን ከግራ ላይ ጥግ ተነሥተው ወደ ታች ይቆጥራሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ማንበቢያ ውስጥ አንዱን ወደ ሌላው የሚገለብጥ ኮድ አለ። እርስዎ የጻፉት ፓች የተገለበጠውን ቁጥር እንደሚቀበል አስበው ነበር እንበል። በአዲሱ ሥሪት አልሚዎቹ ግልበጣውን ወደ ሌላ ፋይል አዛወሩት። እርስዎ የነኩት ፋይል አልተለወጠም፣ ፓቹ ያለ አንድ ቅሬታ ይገባል፣ ፕሮግራሙ ይከፈታል። ከገጹ አናት ላይ ያሰመሩት መስመር ግን ግርጌው ላይ ይታያል።

መፍትሔው የተራቀቀ አይደለም። የታወቀ ይዘት ያለው አንድ አጭር የሙከራ ፒዲኤፍ ያስቀምጡ፤ ቢቻል አንድ ገጽ ቀጥ ያለ፣ አንድ ገጽ ወደ ጎን የዞረ፣ አንድ ገጽ ደግሞ ጠርዙ የተቆረጠ ይሁን። ከእያንዳንዱ እድሳት በኋላ በላዩ ላይ አቅልመው፣ አስቀምጠው፣ በሌላ ማንበቢያ ይክፈቱት። ሌላ ማንበቢያ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ፤ ማስታወሻውን የጻፈው ኮድ ራሱ መልሶ ሲያነበው ሁለቱ ስሕተቶች ተጣፍተው ትክክል ሊመስሉ ይችላሉ።

4. “መስፈርቱን በትክክል ከተከተልኩ ሁሉም ማንበቢያ ይረዳኛል።”

ግማሽ እውነት። ፒዲኤፍን አዶቤ በ1993 አወጣው፤ በ2008 አይኤስኦ 32000 በሚል ቁጥር ዓለም አቀፍ መስፈርት ሆነ፤ ሁለተኛው ክፍል፣ ፒዲኤፍ 2.0፣ በ2017 ተከተለ። መስፈርቱ ስለ ማስታወሻዎች ረጅም ምዕራፍ አለው፤ ማቅለሚያው፣ ማስመሪያው፣ ነፃ ጽሑፉ፣ የእጅ ሥዕሉ ሁሉም በዝርዝር ተገልጸዋል። አብዛኛውን ጊዜ እርሱን መከተል ይበቃል።

የማይበቃበት ታዋቂ ቦታ ግን አለ። አንድ ቃል ሲቀለም ፋይሉ ውስጥ የሚመዘገበው የአራት ማዕዘን አራት ጥግ ነው። የ2008ቱ መስፈርት ጥጎቹ ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ዙር እንዲጻፉ ይላል። የአዶቤ የራሱ አክሮባት ግን ላይ ግራ፣ ላይ ቀኝ፣ ታች ግራ፣ ታች ቀኝ እያለ ይጽፋል። አክሮባት በስፋት ስለተሠራበት ሌሎቹም እርሱን ተከተሉ። መስፈርቱን አምኖ የተጻፈ ፓች በአንዳንድ ማንበቢያ ላይ ቀለሙ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ተጠማዝዞ ሊታይ ይችላል።

ይህን የደረሰበት ሰው አክሮባትን ተከትሎ ቅደም ተከተሉን ያስተካክላል። ከወራት በኋላ ግን እርሱ ራሱ ወይም ሌላ ሰው ኮዱን ሲያየው “ይህማ ከመስፈርቱ ጋር አይስማማም” ብሎ መልሶ ሊያበላሸው ይችላል። ከመስመሩ አጠገብ “አክሮባት እንዲህ ስለሚጽፍ ነው፤ አትንካው” የምትል አንዲት አስተያየት መጻፍ ከለውጡ እኩል ዋጋ አላት።

5. “የአማርኛ ማስታወሻ አልጻፍ ካለ የግዕዝ ፎንት መጫን ነው።”

ግማሽ እውነት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 ሥሪት ነው፤ ዛሬ በአብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ላይ ፊደሉን የሚያሳይ ፎንት አለ። ስለዚህ ብቅ በሚል ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ ማስታወሻ ብዙ ጊዜ አያስቸግርም፤ ጽሑፉ እንደ ዩኒኮድ ይቀመጥና ማንበቢያው በኮምፒውተሩ ፎንት ያሳየዋል።

ገጹ ላይ በቀጥታ የሚጻፈው ነፃ ጽሑፍ ሌላ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ማስታወሻ መልኩን ይዞ ፋይሉ ውስጥ ይገባል፤ መልኩ ደግሞ ፎንት ይፈልጋል። ፒዲኤፍ ከጥንት ጀምሮ “መደበኛ” የሚላቸው 14 ፎንቶች አሉ፤ የሄልቬቲካ፣ የታይምስና የኩሪየር ቤተሰቦች እንዲሁም ሁለት የምልክት ፎንቶች። ከአሥራ አራቱ አንዳቸውም የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ማንበቢያው በሄልቬቲካ ብቻ ሊጽፍ የሚሞክር ከሆነ ኮምፒውተሩ ላይ ስንት የግዕዝ ፎንት ቢጫን “ሰላም” ባዶ ሳጥኖች ሆኖ ይወጣል። ኮዱ ተስማሚ ፎንት መርጦ፣ የሚያስፈልጉትን ፊደላት ፋይሉ ውስጥ መክተት አለበት። ለአማርኛ ተጠቃሚ የግል ፓች እውነተኛ ፋይዳ ሊኖረው የሚችልበት አንዱ ቦታ ይህ ነው።

ሁለት የተለመዱ ችግሮች ግን ማስታወሻውን በመጠገን አይፈቱም። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ለዓይን አማርኛ ይመስላል፤ ከሥር ያሉት ኮዶች ግን የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ናቸው። አቅልመው ሲገለብጡት ትርጉም የለሽ ዝርግፍ ይወጣል። ይህን የሚያስተካክል ፓች ሲገለበጥ ፊደላቱን በሠንጠረዥ ይመልሳል፤ ሠንጠረዡ ግን ለየፎንቱ የተለየ ነው። ሁለተኛው በስካን የተገኘ ሰነድ ነው። እንደ ብዙዎቹ የድሮ የነጋሪት ጋዜጣ ቅጂዎች ገጹ ፎቶ ብቻ ከሆነ፣ የሚቀለም ጽሑፍ የለም፤ ከሥሩ የተነበበ የጽሑፍ ንብርብር ካልተጨመረ በቀር የሚሠራው በእጅ የሚሳለው ማስመሪያ ነው።

6. “ሁለት መስመር ብቻ ናት፤ ማንን ትጎዳለች?”

ተረት። የትንንሽ ፓቾች ትልቁ ማስጠንቀቂያ የመጣው ከፒዲኤፍ ሳይሆን ዴቢያን ከተባለው የሊኑክስ ሥርጭት ነው። በ2006 የዴቢያን አልሚዎች ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው የምስጠራ ላይብረሪ ላይ ትንሽ ለውጥ አደረጉ፤ ስሕተት ፈላጊ መሣሪያ “ያልተሞላ ሜሞሪ ታነባለህ” እያለ የሚያማርርባቸውን መስመሮች አጠፉ። ቅሬታው ቆመ፣ ሁሉም ነገር ሠራ። ነገር ግን ከጠፉት መስመሮች አንዱ የምስጢር ቁልፍ ለማመንጨት የሚያስፈልገውን የዘፈቀደ ግብዓት የሚያስገባው ነበር። ቁልፎቹን እርስ በርስ የሚለያቸው የፕሮግራሙ የሂደት ቁጥር ብቻ ሆኖ ቀረ። ለአንድ ዓይነትና ለአንድ መጠን ቁልፍ የነበረው ዕድል በአንድ የኮምፒውተር ዓይነት ላይ ከ32,768 አልበለጠም። ነገሩ የታወቀው በግንቦት 2008 ነው፤ እስከዚያ ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ የተፈጠሩ ቁልፎች መቀየር ነበረባቸው።

የግል የፒዲኤፍ ፓች እንዲህ ያለ ጥፋት አያደርስ ይሆናል፤ ትምህርቱ ግን ይሠራል። ዝም ያሰኙት ማስጠንቀቂያ፣ “አያስፈልግም” ብለው ያጠፉት ፍተሻ፣ ለፍጥነት ብለው የዘለሉት የመጠን ልኬት ሁሉ ሌላ ሰው በምክንያት ያስቀመጣቸው ናቸው። ፒዲኤፍ ከየትም የሚመጣ ፋይል ነው። የቁልፍ አቋራጭ ወይም ቀለም የሚቀይር ፓች ያለ ስጋት ሊሠራበት ይችላል፤ ፋይሉን የሚፈታውን ክፍል የሚነካ ፓች ግን ሁለተኛ ዓይን ያስፈልገዋል።

7. “ፓቼ እንዳይበላሽ አፕዴት ማድረግ አቆማለሁ።”

ተረት። የሚያባብለው ሙሉ በሙሉ ስለሚሠራ ነው፤ ሥሪቱን ካስቆሙት ፓቹ በእርግጥ አይበላሽም። ችግሩ ያለው ከፓቹ ሥር ነው።

ኦኩላርና ኤቪንስ ፒዲኤፍ የሚያነቡት ፖፕለር በሚባል ላይብረሪ ነው። ፖፕለር በ2005 ከኤክስፒዲኤፍ 3.0 የተገነጠለ ነው። የስካን ገጾችን የሚጨምቀው፣ ጄቢግ 2 የተባለው አሠራር ፈቺም አብሮ መጣ። ከዚያው ከኤክስፒዲኤፍ የተወሰደ የጄቢግ 2 ፈቺ አፕል ሶፍትዌር ውስጥም ነበር። በ2021 ፔጋሰስ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር አይፎን ውስጥ የገባው ባለስልኩ ምንም ሳይነካ፣ በዚሁ ፈቺ ውስጥ በነበረ የቁጥር መትረፍረፍ ስሕተት በኩል ነበር። በ2022 ደግሞ ተመሳሳይ ዓይነት ስሕተት በኤክስፒዲኤፍም በፖፕለርም ተገኝቶ ተስተካከለ፤ ከ22.08 ጀምሮ ወደ ኋላ ያሉት የፖፕለር ሥሪቶች ተጋላጭ ነበሩ። ሁለቱ ኮዶች ከተለያዩ አሥራ ሰባት ዓመት አልፏቸው ነበር።

ስለዚህ ማንበቢያውን ስለቀየሩ ፖፕለርን አብረው ማስቆም አያስፈልግም። ፓቹ ማንበቢያው ላይ ብቻ ይሁን፤ ላይብረሪው ከስርዓተ ክወናው ጋር እየታደሰ ይሂድ። ፖፕለር ላይ የግድ ፓች ማድረግ ካለብዎት፣ የደኅንነት ማስታወቂያዎቹን መከታተል የእርስዎ ሥራ ሆኗል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቅዎት ዴቢያን አይኖርም።

8. “ቶሎ ቶሎ ማደስ፣ አጠራቅሞ ከማደስ ይቀላል።”

እውነት። ፖፕለር በየወሩ ገደማ አዲስ ሥሪት ያወጣል፤ ኦኩላርን የያዘው የኬዲኢ ስብስብ በዓመት ሦስት ጊዜ ይወጣል። ፓቹን በየሥሪቱ የሚያዛውር ሰው የሚገጥመው ለውጥ ትንሽ ነው፤ ግጭት ቢነሣ እንኳ የትኛው ለውጥ እንዳመጣው መፈለግ አያስቸግርም። ሦስት ዓመት አጠራቅሞ የሚመጣ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ለውጦች መካከል ይቆማል።

መሣሪያው ሞልቷል። በ2005 የተወለደው ጊት፣ ሪቤዝ በሚለው ትእዛዝ ፓቾችን ከአሮጌው መሠረት አንሥቶ በአዲሱ ላይ ያስቀምጣል። ሪሪሪ የሚባለው አገልግሎቱ ደግሞ አንድን ግጭት እንዴት እንደፈቱት መዝግቦ፣ ያው ግጭት ሲመለስ ራሱ ይፈታዋል። ሬንጅ ዲፍ የሚለው ትእዛዝ ፓቹ ራሱ ከእድሳቱ በፊትና በኋላ ምን እንደተለወጠ ያሳያል። ጄንቱ የተባለውን የሊኑክስ ሥርጭት የሚጠቀም ሰው ፓቹን ለተጠቃሚ ፓቾች በተመደበው ማውጫ ውስጥ ካስቀመጠ፣ ፓኬጁ በተሠራ ቁጥር አብሮ ይገባል። ዴቢያን ውስጥ ክዊልት የሚባለው መሣሪያ ፓቾችን በቅደም ተከተል ደርድሮ ይይዛል።

ከዴቢያን መዋስ የሚገባው ሌላም ነገር አለ። የዴቢያን ፓች አናቱ ላይ ራስጌ አለው፤ ፓቹ ምን እንደሚያደርግ፣ ማን እንደጻፈው፣ ለዋናው ፕሮጀክት ተልኮ እንደሆነ ወይም መላክ እንደማያስፈልገው፣ መጨረሻ መቼ እንደታደሰ። ለአንድ ሰው የግል ፓች ይህ የቢሮክራሲ ወረቀት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በግጭት ጊዜ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ “ይህ መስመር ምን ይላል?” ሳይሆን “ይህን ለምን ነበር የፈለግኩት?” ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ ኮዱ መልስ የለውም፤ ራስጌው ብቻ ነው ያለው። በተመሳሳይ ምክንያት አንድ ፓች አንድ ነገር ብቻ ያድርግ። የቀለም ለውጥ፣ የቁልፍ አቋራጭና የፎንት ማስተካከያ በአንድ ፋይል ከተቋጠሩ አንዱ ሲበላሽ ሦስቱም አይገቡም።

9. “ለዋናው ፕሮጀክት ብልከው እገላገላለሁ።”

ግማሽ እውነት። ተቀባይነት ካገኘ በእርግጥ ይገላገላሉ፤ ከዚያ በኋላ ግቢውን ሲያፈርሱ የእርስዎንም ክፍል አብረው የሚያስተካክሉት አልሚዎቹ ናቸው። ዙርናል ውስጥ ሥዕል ማስገባት የተቻለው አንድ ተጠቃሚ ባበረከተው ኮድ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ባሕሪው ወደ ዋናው ከመግባቱ በፊት ሰዎች ፓቹን ለብቻው እየጨመሩ ይጠቀሙ ነበር።

አልሚዎች “አይሆንም” ሲሉ ግን ብዙ ጊዜ ከክፋት አይደለም። አንድ አዲስ ቁልፍ ማለት መተርጎም ያለበት ጽሑፍ፣ መሞከር ያለበት ባሕሪ፣ ሲበላሽ ቅሬታ የሚቀርብበት ነገር ማለት ነው፤ ሸክሙን የሚቀበለው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በትርፍ ሰዓቱ ያለ ክፍያ የሚሠራ ነው። ስለዚህ ስሕተት የሚያርም ፓች መላክ ተገቢ ነው፤ የማንንም ጣዕም አይጠይቅም። ለምሳሌ የግዕዝ ፊደል በነፃ ጽሑፍ ውስጥ እንዲታይ የሚያደርግ ማስተካከያ ለታይኛም ለጆርጂያኛም ይጠቅማል። “የእኔ ቢጫ ፈዘዝ ይበል” የሚለው ግን ቤት ቢቀር ማንም አይጎዳበትም። “እንግዲያው የራሴን ፎርክ እከፍታለሁ” ከማለት በፊትም ፎርክ ማለት ስም፣ ተጠቃሚ፣ የስሕተት ሪፖርትና የደኅንነት ኃላፊነት መሆኑን ማሰብ ይገባል። ፖፕለርም ፔፐርስም የቆሙት ከኋላቸው ብዙ ሰው ስላለ ነው። ለአንድ ሰው ፍላጎት ጥቂት የተደረደሩ ፓቾች ይበቃሉ።

የትኛውን ፓች መያዝ፣ የትኛውን መጣል?

ከዘጠኙ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱ ደግሞ በፓቹ ርዝመት አይወሰንም። የሚወስነው ፓቹ ሲጠፋ አብሮት የሚጠፋው ነገር ነው።

የመልክና የአጠቃቀም ፓች ቢጠፋ የሚጎድለው ምቾት ነው። አንድ ቀን ይናደዱና ይለምዱታል። ማስታወሻው የሚቀመጥበትን መንገድ የሚቀይር ፓች ግን ከራሱ በላይ ዕድሜ ያለው ነገር ይፈጥራል። ኦኩላር በድሮ ሥሪቶቹ ማስታወሻዎችን ፒዲኤፉ ውስጥ ሳይሆን በተጠቃሚው ማውጫ፣ በተለየ የኤክስኤምኤል ፋይል ያስቀምጥ ነበር፤ ፒዲኤፉን ወደ ሌላ ኮምፒውተር የገለበጠ ሰው ማስታወሻው አብሮት እንዳልሄደ ዘግይቶ ያውቅ ነበር። ዙርናል ፕላስ ፕላስም ሥራውን የሚያስቀምጠው በራሱ ቅርጽ፣ በተጨመቀ ኤክስኤምኤል ነው፤ ወደ ፒዲኤፍ ሲላክ ጭረቶቹ የገጹ አካል ይሆናሉ እንጂ ሊከፈቱና ሊታረሙ የሚችሉ ማስታወሻዎች ሆነው አይቀሩም። እነዚህ በብዙ ሰው የሚደገፉ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ቅርጻቸውን ነገም የሚያነብ አይጠፋም። የእርስዎ የግል ቅርጽ ግን የሚያነበው እርስዎ ያሻሻሉት አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው።

ስለዚህ ማስታወሻው ላይ የራስዎን መረጃ መጨመር ካለብዎት፣ በመደበኛው የማስታወሻ ጽሑፍ ውስጥ በሚነበብ ቃል ይጻፉት፤ ማንኛውም ማንበቢያ ያሳየዋል። በዲጂታል የተፈረመ ሰነድ ከሆነ ደግሞ ፓቹ ፋይሉን ከመሠረቱ እንደገና እንዳይጽፍ ይጠንቀቁ። ፒዲኤፍ ለውጥን በፋይሉ መጨረሻ ላይ መጨመር ይፈቅዳል፤ ፊርማው የሚያረጋግጠው የተወሰኑ ባይቶችን ስለሆነ፣ እነዚያ ከተነኩ ሰነዱ የተነካካ ተብሎ ይታያል።

የቀሩትን ፓቾች በየእድሳቱ አንድ ጥያቄ ይጠይቋቸው፦ ራስጌው ላይ የተጻፈው ምክንያት ዛሬም አለ ወይ? አንዳንዴ ዋናው ፕሮጀክት ችግሩን በሌላ መንገድ ፈትቶት ያገኙታል። በጥቅምት 2022 ፋየርፎክስ 106 ፒዲኤፍ ላይ ጽሑፍ መጻፍና መሳል ሲያስችል፣ ለዚያ ብቻ የተሠራ ማንኛውም የግል ማሻሻያ ሥራው አብቅቶ ነበር። አንዳንዴም ፓቹን ያስጻፈው ጥናት ተጠናቋል፣ ያ ሰነድ ተዘግቷል። ምክንያቱ ከሌለ ፓቹን ይሰርዙት፤ በጊት ታሪክ ውስጥ ስለሚቆይ የሚጠፋ ነገር የለም። ምክንያቱ ካለ ደግሞ የታደሰበትን ቀን ራስጌው ላይ ጽፈው ወደ ንባብዎ ይመለሱ።